ዝግጅት ይጎድላታል

ሰባት ደብዳቤ ነበረኝ። ሰባቱም ከአንድ ቢሮ የወጡ፣ አንድ ዓይነት ማኅተም ያረፈባቸው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቁ ናቸው፦ «አመልካቿ ለቲዎረቲካል ፊዚክስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያስፈልገው ዝግጅት ይጎድላታል።» ነጥብ የለ፣ ማብራሪያ የለ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰባቱንም በስፒል ወግቶ ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ደርድሯቸው ነበር። ሱሪ ሊለካ የመጣ ሰው «ይኼ ደግሞ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ አባቴ ደረቱን ነፋ አድርጎ «የልጄ ነው፤ እየተዘጋጀች ነው» ይል ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ! ኧረ ሰው ለሠርጉም እንዲህ አይዘጋጅም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ አልዋሹም። ግን በመጀመሪያው ዓመት ስወድቅ አልተቆጣሁም። ጥፋቴን አውቀዋለሁ። ከፈተናው አዳራሽ ወጥቼ ደረጃውን ስወርድ ነው ትዝ ያለኝ፤ ጥያቄ ቁጥር አራት ላይ ለሁለት ማካፈል ረስቻለሁ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ፊዚክስ የማያውቅም ይገባዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ እርስ በርስ ቢጨባበጡ ስንት መጨባበጥ ይሆናል? እያንዳንዱን «አንተ ስንት ሰው ጨበጥክ?» እያልክ ብትደምር እጥፍ ይሆንብሃል፤ እኔ አንተን ስጨብጥ አንተም እኔን ጨብጠሃልና። ስለዚህ ለሁለት ታካፍላለህ። ጥያቄ ቁጥር አራትም ያው ናት፤ በሰዎቹ ፈንታ እርስ በርስ የሚሳሳቡ ቅንጣቶች ናቸው፣ የሚፈለገው ደግሞ ጠቅላላ ጉልበታቸው ነው። እኔ ያን ቀን ልቤ ምን ላይ እንደነበር እንጃ፣ ግማሿን ረሳኋት። ጥያቄዋ ብቻዋን አርባ ነጥብ ትይዛለች፤ ማለፊያው ሰባ ነው። አርባ የጣለ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢደፍነውም ስልሳ ላይ ይቀራል። ወደቅኩ፣ ይገባኛል፣ አለቀ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን ግማሽ ረስቼ አላውቅም። ተማሪዎቼን አስተማርኳቸው ከምል ለፈፍኩባቸው ብል ይሻላል። ገና ጠመኔ ሳነሳ ክፍሉ በሙሉ «ግማሿ!» ይለኛል።

በሁለተኛው ዓመት ጥያቄ ቁጥር አራት ነጥብ ሳይቀር ያው ሆና መጣች፤ ከዚያም በየዓመቱ። እሰይ አልኩ። ግማሿን ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት፣ ወጣሁ። ደብዳቤው መጣ፦ ዝግጅት ይጎድላታል።

ሄጄ የትምህርት ክፍሉን ሊቀመንበር ጠየቅኳቸው። «ምን ዓይነት ዝግጅት ነው የጎደለኝ?»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው እየጠረጉ «ሒሳብ» አሉ።

አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሒሳብ ተማርኩ። ዝግጅት ይጎድላታል። «ሒሳብ አብዝተሽ ፊዚክሱ ጠፋሽ» አሉኝ። ፊዚክሱን ከሀ ጀመርኩ። ዝግጅት ይጎድላታል። በሚቀጥለው ዓመት የተፈለገው የድሮ ሊቃውንትን ጽሑፍ በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ ሆነ፤ ገንዘብ ከፍዬ ቋንቋ ተማርኩ። እስከ ዛሬ በዚያ ቋንቋ አሳምሬ የምናገረው «ባቡር ጣቢያው በየት በኩል ነው?» የሚለውን ብቻ ነው፤ እዚህ ደግሞ ባቡር የለም። ቀጥሎ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተባለ። በስድስተኛው ዓመት ሊቀመንበሩ የሚሉት ቢያጡ «ብስለት» አሉኝ።

አባቴ ይኼን ሲሰማ መርፌውን ከአፉ አወጣና «ሸብተሽ ነይ ማለታቸው ነው» አለኝ።

በኋላ እንደሰማሁት የዝግጅት ዝርዝሩ እንዲህ የረዘመው በክብር የተነሳ ነው። አንዱ ፕሮፌሰር የራሱን ኮርስ ካስገባ ሌላው የእኔስ ምን አነሰው ብሎ የራሱን ያስገባል። አንዴ የገባ ደግሞ አይወጣም፤ አስወጡት ማለት ባለቤቱን መስደብ ነው። ዝርዝሩን አሟልቶ የሚያውቅ ሰው ከራሳቸው ከፕሮፌሰሮቹ መሃል አንድም የለም።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን የእኔ ነገር አልነበረም። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ወይዘሪት ለምን የምንላት ተማሪ ነበረችኝ። ስሟን ያወጣንላት እኛ አስተማሪዎቹ ነን፤ አንድ ነገር ነግረናት «ለምን?» ሳትል ያለፈችበት ቀን የለም። አእምሮዋ ምላጭ ነው። ዲግሪዋን ይዛ ስትመጣ እጇን ይዤ ራሴ አስመዘገብኳት፤ አምስተኛውን ፈተና አብረን ተቀመጥን። ስንወጣ ሮጣ መጥታ «ቲቸር፣ ግማሿን አልረሳኋትም!» አለችኝ። እኔም አቅፌ ሳምኳት።

ሁለታችንም ዝግጅት ጎደለን። እሷ እንደ እኔ ደረቅ አይደለችም። «ቲቸር፣ አልተፈጠርኩበትም ማለት ነው» አለችና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። በዚያ በኩል ሳልፍ ከማሽኑ ጀርባ ቆማ የሰው መታወቂያ ስታባዛ አያታለሁ።

እንግዲህ ሰባተኛው ፈተና የመጨረሻዬ ነበር። ደንቡ ዲግሪው ሰባት ዓመት ያለፈውን አመልካች አይቀበልም። «ዕውቀት እንደ ወተት ነው፣ ይበላሻል» ይላሉ ሊቀመንበሩ፤ የእሳቸው ዲግሪ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፣ እሱ ግን እርጎ ሆኖ ነው መሰለኝ ማንም አልደፋውም። ሰባተኛው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቆሽቴ አረረ። ከዚህ በኋላ ቢለምኑኝም መፈተን አልችልም። በአሥር ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል የሚል አንቀጽ ከደብዳቤው ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሰባት ዓመት ሙሉ ደብዳቤውን ገልብጬ አላየሁም ነበር። ያበጠው ይፈንዳ ብዬ አቀረብኩ።

ቅሬታ ሰሚዎቹ አራት ነበሩ። መሃል ላይ ሊቀመንበሩ። በቀኛቸው እንደሚታወቀው የተባሉ ሽማግሌ ፕሮፌሰር፤ ይህ ቅጽል ስም የወጣላቸው «እንደሚታወቀው» ሳይሉ አፋቸው ስለማይከፈት ነው፤ ከዚያ ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ግን ማንም አያውቀውም። በግራቸው አዲሱ ዶክተር፣ ገና ትናንት የተመረቀ፣ ሱፉ ላይ የፋብሪካው ምልክት ያልተፈታ። ጥግ ላይ ዝምተኛው የሚባሉት ፕሮፌሰር። በስብሰባ ላይ ድምፃቸውን የሰማ ሰው የለም። በር አጠገብ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ፣ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴትዮ፣ ፋይላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጥያቄ ቁጥር አራት» አሉ ሊቀመንበሩ። «ከአርባ ዜሮ። መልሱን ግማሽ አድርገሽዋል።»

«ግማሽ ነዋ!» አልኩ።

«እንደሚታወቀው» አሉ እንደሚታወቀው፣ «መልሱ ሙሉ ነው።»

«ግራፉም ላይ ስህተት አለ» ብሎ አዲሱ ዶክተር ጣልቃ ገባ። «መስመርሽ ዝም ብሎ ቀጥ ብሏል። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት አላሳየሽም። አብዛኛው ተፈታኝ ይስታታል፤ ረቂቅ ናት። የዶክትሬት ጽሑፌ በእሷ ላይ ነው፤ ሁለት መቶ አሥር ገጽ።»

የምን እብጠት? ሰባት ዓመት ስሠራው እብጠት አይቼ አላውቅም። «የመልሱን ቁልፍ አሳዩኝ» አልኩ። በደንቡ መብቴ ነው።

እትዬ ከፋይላቸው ሦስት ገጽ ፎቶ ኮፒ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

አየሁት። ደግሜ አየሁት። ሰባት ቁጥር ወገቡ ላይ ተሰርዟል፤ እኔ ነኝ ሰባትን እንዲህ የምጽፈው። ሁለተኛው ገጽ ላይ የተሳሳተ መስመር በሁለት ጭረት ተሰርዟል፤ እኔ ነኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግራፉ አለ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ እብጠት አለችው። የመጀመሪያው ፈተና ጠዋት ማስመሪያዬ ጠፍቶብኝ የአባቴን የልብስ መስፊያ ማስመሪያ ይዤ ሮጫለሁ። እሷ ደግሞ ወገቧ ላይ መቀስ የነከሳት ናት። ብዕሩ እዚያች ንክሻ ላይ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ያልፋል።

ሳቄ መጣ። እንዴት አይመጣም! ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

«ምን ያስቃል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ይኼ የእኔ ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የወደቅኩበት!»

ጉድ ፈላ። ሁሉም ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው፣ ምንም ሳይደናገጡ ተረኩት። ጥያቄዋን ያወጧት ፕሮፌሰር መልስ ጽፈው አያውቁም፤ በዚህ ክፍል መልስ መጻፍ ነውር ነው። ለተዘጋጀ ሰው ግልጽ ነው ይባላል። እሳቸው ራሳቸው እያረሙ፣ ነጥቡን በሌላ ወረቀት እየጻፉ ኖሩ። ከእኔ የመጀመሪያ ፈተና በኋላ ጡረታ ወጡና ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት አራሚዎቹ ቁልፍ ሲያጡ፣ ቁጭ ብሎ ልሥራው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም፤ ሌላው ሲሠራ ቢያየው አልገባውም ይለዋል ብሎ እያንዳንዱ ፈራ።

«‹ከፋይል ውስጥ ፈልጊና አምጪ› ተባልኩ» አሉ እትዬ። «ፈለግኩ። ስም የለው፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ከሁሉ ጽሑፉ ያማረውን አመጣሁ። አየት አደረጉና ‹አዎ፣ ግልጽ ነው› አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ የኔ ልጅ? ጽሑፍሽ ያምራል።»

ስድስት ዓመት በእኔ ስህተት ስታረም ኖርኩ! ስድስት ዓመት ግማሿን ያስታወሰ ሁሉ ወደቀ፤ የረሳ ሁሉ ገባ። አዲሱ ዶክተር የገባው በዚህ ቁልፍ መታረም በተጀመረበት ዓመት ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የማስመሪያ ጉዳይ ማስረጃ ይፈልጋል» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ።

ለአባቴ ደወልኩ። ሱቃችን ከዩኒቨርሲቲው ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው። «ያቺን የተነከሰች ማስመሪያ ይዘህልኝ ና» አልኩት፤ «ምነው፣ ልብስ ሊሰፉ ነው እንዴ?» አለኝ።

እሱ እስኪመጣ «ማስመሪያው ይቅር፣ መልሱም ራሱ ስህተት ነው» አልኳቸው። «ተነሱማ። እዚህ እትዬን ሳንጨምር አምስት ነን። ሁላችንም እንጨባበጥ፤ ማንም ማንን ሁለት ጊዜ እንዳይጨብጥ።»

ሳይወዱ ተነሱ። ወንበር ተንኳኳ፣ ሆድ ጠረጴዛ ገጨ። ሊቀመንበሩ እንደሚታወቀውን ጨበጡ፤ በተመራማሪ ድልድል ተኳርፈው ዓመት ሆኗቸው ነበርና ሁለቱም ወደ መስኮቱ እያዩ ነው የተጨባበጡት። እኔ አራቱንም ጨበጥኩ፤ የዝምተኛው እጅ ሞቃት ነበር።

ሲያበቃ አዲሱ ዶክተር እስክሪብቶውን አውጥቶ እየዞረ ጠየቀ። «ስንት ጨበጡ? አራት። እርስዎስ? አራት። አንቺስ?» ደመረና ደስ ብሎት ቀና አለ። «ሃያ! ይኸው፣ ቁልፉ ትክክል ነው።»

«አሥር ነው» አለ አንድ ድምፅ።

ሁላችንም ደነገጥን። ዝምተኛው ናቸው። «እኔ እየቆጠርኩ ነበር» አሉ። «አሥር ጊዜ ነው የተጨባበጥነው።» ከዚያ ያን ሁሉ መናገራቸው እንዳደከማቸው ሁሉ ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጠረጉ። «በተግባር አሥር ሊሆን ይችላል» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ ግን ቲዎረቲካል ነን።»

«እንደሚታወቀው» አሉ እንደሚታወቀው።

አባቴ ገባ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፣ የሰው ሱሪ ግማሽ እግር ትከሻው ላይ ቀርቷል። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ማስመሪያዋን ፎቶ ኮፒው ላይ አጋደማት። ንክሻዋ እብጠቷ ላይ ልክክ አለች። ከዚያ በጠመኔው በባዶ ወረቀት ላይ መስመር ሳበ፤ ይቺው እብጠት ተነሳች።

«መቀስ ነው የነከሳት» አለ አባቴ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ። «እጥላታለሁ እያልኩ ከእንጨቷ ጥራት የተነሳ አሳሳችኝ።»

አዲሱ ዶክተር እብጠቷን ሲያይ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያይ ይመስል ነበር። ሁለት መቶ አሥር ገጽ። እውነቴን ነው አሳዘነኝ፤ ለእሱ እንኳ ሆድ ባሰኝ።

ሊቀመንበሩ ግን ሊቀመንበር የሆኑት በከንቱ አይደለም። ደንቡን ገለጡ። ጣታቸውን አርሰው ገጽ እየገለበጡ ቆዩና ፊታቸው በራ።

«መምህርት» አሉኝ፤ በሰባት ዓመት የመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። «የቁልፉ አዘጋጅ አንቺ መሆንሽ ተረጋግጧል። በደንባችን የመልስ ቁልፍ በአዘጋጁ ፊርማ ብቻ ይጸናል፣ በአዘጋጁ ፊርማ ብቻ ይታረማል። ይጽና ካልሽ ቁልፉ ለዘለቄታው ይዘጋል። የመጀመሪያ ዓመት ወረቀትሽም ከራሱ ጋር ሲመሳከር በቁጥር አራት አርባ ከአርባ ያገኛል፣ ያልፋል፤ በስህተት ሳትገቢ ቀርተሻል እንላለን፣ ነገ ትመዘገቢያለሽ።»

«ይታረም ካልኩስ?»

«የታረመ ቁልፍ የሚሠራው ከሚቀጥለው ፈተና ጀምሮ ነው። ወደ ኋላ አይሄድም። የመጀመሪያው ወረቀትሽ ስህተት ይሆናል፤ የዘንድሮውም በድሮው ቁልፍ እንደታረመ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ...» ብለው ደንቡን ከደኑት።

በሚቀጥለው ዓመት ዲግሪዬ ያልፍበታል። ወተቱ ይበላሻል።

ሁለት ቅጽ አስቀመጡልኝ፣ ከላያቸው ብዕር።

ልዋሽ አልፈልግም። ብዕሩን አንስቼ ወደ መጀመሪያው ቅጽ ነው የሄድኩት። ሰባት ዓመት! የባቡር ጣቢያ ቋንቋ ሳይቀር ተምሬያለሁ። እኔ ይኼን ትምህርት እወደዋለሁ፤ ሌላው ሰው ሰውን እንደሚወደው ነው የምወደው፤ ማታ ተኝቼ እኩልታ አስቤ ፈገግ የምል ሰው ነኝ። ነገ ይኼን በር ከፍቼ እንደ ተማሪ ልገባ ነው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

አባቴም ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ፈርሚ ልጄ» አለኝ። «ምንድናት ቢሏት ግማሽ ናት። ለአንዲት ግማሽ ብለሽ ዕድሜሽን አትጣይ።»

«አባዬ» አልኩት፣ «ጨርቅ አጥፈህ ስትለካ ግማሹን ብትረሳስ?»

«እኔማ!» አለ፣ የተሰደበ ያህል። «ሱሪው ሁለት ሰው ይይዛላ! ጨርቅ ማበላሸት ነው።»

«አንተ ረስተህ ሌላው ልብስ ሰፊ ሁሉ ካንተ ቢማረውስ?»

አባቴ ትከሻው ላይ የቀረችውን የሱሪ እግር አወረደና በእጁ ያሻሻት ጀመር።

እኔ ያን ጊዜ የታየችኝ ወይዘሪት ለምን ናት፣ ከማሽኑ ጀርባ። አልተፈጠርኩበትም ብላኝ ነበር። ማን ነው ያላት? እኔ ነኝ ያልኳት፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ በሚያምረው። ግማሿን እንዳትረሺ ብዬ ያስተማርኳት እኔ፣ ስላልረሳች የጣልኳት እኔ። ራሴ ቆርጬ ራሴ ቀደድኳት። ቁልፉ ከጸና እሷ ዳግም ብትፈተንም ትወድቃለች፤ የሚመጡትም ተማሪዎቼ ይወድቃሉ፤ እኔ ደግሞ ከውስጥ ሆኜ አያቸዋለሁ።

«ኤጭ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሁለተኛውን ቅጽ ሳብኩና ፈረምኩ። ፎቶ ኮፒውንም አነሳሁና የመጨረሻው መስመር ፊት አንድን ለሁለት ጻፍኩባት። እብጠቷንም ሰረዝኳት፤ አዲሱ ዶክተር ዓይኑን ጨፈነ።

ሊቀመንበሩ ፊርማዬን አዩ፣ ማኅተም መቱ። ከዚያ ሌላ ወረቀት ወደ እትዬ ገፋ አደረጉ። «እንግዲህ አመልካቿ ራሷ በፊርማዋ እንዳመነችው የመጀመሪያው መልሷ ስህተት ነበር። ጻፊላት።»

እትዬ ምን ብለው እንደሚጽፉ አልጠየቁም። እየጻፉ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ስምንተኛዬ ነው።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ወይዘሪት ለምን የአንድ ሽማግሌ መታወቂያ እያባዛች ነበር። ሰውዬው እስኪሄዱ ጠብቄ ሁሉን ነገርኳት፤ የጣልኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። አፏን ይዛ ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ እኔ ብሆን እጮህ ነበር።

«ግማሿ ትክክል ነበረች?» አለች ብቻ።

«ትክክል ነበረች።»

ማሽኑ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እኔም ከጎኗ አለቀስኩ። ደንበኛ መጣና አየን፣ ቆይቼ እመጣለሁ ብሎ ተመለሰ።

በዓመቱ ተፈተነች። ደብዳቤዋን ይዛ ሱቃችን ስትገባ ከበር ጀምራ ነው የጮኸችው። «አመልካቿ በቂ ዝግጅት አላት» ይላል። አባቴ ስፒል አመጣና ከስምንቱ ጎን ሰቀለው። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብደብቅ ያንቀኛል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አባቴ የጨርቅ መቁረጫውን ጠረጴዛ ይለቅልናል፣ እኔ ወንበር አስጠጋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ቦርሳዋን አውርዳ «ቲቸር፣ ሳምንቱን ሙሉ የተማርኩትን ሁሉ ልንገርሽ፤ ከመጀመሪያው ልጀምር?» አለችኝ።

«ቀስ እያልሽ ንገሪኝ» አልኳትና ደብተሬን ገለጥኩ።